የሦስተኛው ሲሊንደር ስፌት

ቅጣው በሃያ ስድስት ዓመት የሹፍርና ዘመኑ ብዙ ነገር ረስቷል። የሠርጉን ቀን ረስቶ ሚስቱን ዘነበችን ሳምንት ሙሉ አስኮርፏል፤ አንዴማ አማቱን ዘመሮ ከተማ ገበያ ላይ ጥሎ መሐል ሜዳ ድረስ መጥቷል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ማታ የመኪናውን ውሃ ማፍሰስ ግን አንድም ቀን ረስቶ አያውቅም። በመንዝ ብርድ ውሃ ሞተር ውስጥ ካደረ በረዶ ይሆናል፤ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፤ ሲሰፋ ደግሞ ብረትም አይመልሰው። ይህን የማያውቅ ሹፌር በአገሩ የለም።

ስለዚህ ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ማለዳ የአሮጌዋ ላንድሮቨሩ ሞተር ተሰንጥቆ ሲገኝና እሱም “ረሳሁት” ሲል፣ ሰዉ ከንፈሩን መጦ አመነው። “ቅጣው ጃጀ” ተባለ። አንገቱን ደፋ። ውሸት መሆኑን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

ሞተሩን አስወርዶ ደብረ ብርሃን ወሰደው። እዚያ ያሉ መካኒኮች የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ፈተው አራቱ ሲሊንደሮች ያሉበትን ብረት እያገላበጡ አዩና “ይህ የቆራሌው ነው” አሉት። የዚያ ዘመን ሲሊንደር ከየትም አይገኝም፤ ብየዳ ቢሞከር ደግሞ ያረጀ ብረት እሳት ነክቶት ሲበርድ ሌላ ቦታ ይሰነጠቃል። የቅጣው ወሽመጡ ቁርጥ አለ። መሬቱን ለወንድሙ ልጆች ከለቀቀ ቆይቷል፤ ጉልበቱ ታሟል፤ ከመሪ በቀር እጁ የሚያውቀው ሥራ የለም። ከራቤል በታች ወደ ቆላው የሚያወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ ከዚያች መኪና ሌላ የሚደፍረው ስላልነበረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው በእሷ ነው። እሷ ከሞተች ቅጣው የሚባለው ሰው ምን እንደሚሆን እሱም አያውቅም።

ወደ አቶ ይሥሐቅ የላከችው ዘነበች ናት። አቶ ይሥሐቅ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ማሽን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ አገራቸው መሐል ሜዳ የተመለሱ ሽማግሌ ናቸው። ቅጣው የሚያውቃቸው የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ ሲጠግኑ ነበርና “እኚህ ደግሞ ለሞተር ምን ሊያደርጉ” እያለ፣ እያጉረመረመም ቢሆን ሲሊንደሩን በጋሪ አስጭኖ ሄደ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየዳሰሱ አዩት። ከዚያ በነጭ ጋዝ አጠቡት፣ በጨርቅ አደረቁት፣ ጠመኔ ፈጭተው በብረቱ ጎን ላይ ነሰነሱበት።

“አሁን ጠብቅ” አሉት።

ቅጣው ጠበቀ። ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ የቀረው ጋዝ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲወጣ በነጩ ዱቄት ላይ አንዲት ጥቁር መስመር መታየት ጀመረች። ከሦስተኛው ሲሊንደር አናት ተነሥታ፣ ጥቂት ዘመም ብላ፣ አንድ ስንዝር ከጋት ወረደች። ማንም ሳይነካት ራሷን በራሷ ጻፈች። ቅጣው ስንጥቁን ደብረ ብርሃን ላይ ያየው መስሎት ነበር፤ ግማሹን እንኳ አላየውም ኖሯል።

“ፒስተኑ የሚመላለስበት ውስጡ ደህና ነው” አሉ ሽማግሌው። “የተሰነጠቀው ውሃው የሚያልፍበት የውጪው ግድግዳ ነው። ውርጩን እያወቅህ ምነው ሳታፈስ አደርክ?”

“ረሳሁት፣ ጋሼ።”

ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው አዩት። ቅጣው ጆሮው ድረስ ጋለ።

“እሳት አላስነካውም፤ እሰፋዋለሁ” አሉ በመጨረሻ።

“ብረት?”

“ብረት።”

ቅጣው ሳቁን ዋጠው። ደግነቱ ዋጠው፤ በማግስቱ ያየው ነገር የሚያስቅ አልነበረም።

አቶ ይሥሐቅ መጀመሪያ በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ በእጅ መሰርሰሪያ አንድ አንድ ቀዳዳ በሱ፤ ስንጥቁ ከዚያ አልፎ እንዳይሄድ ነው። ቀጥለው መስመሩ ላይ ሌላ ቀዳዳ በሱና ጥርስ አወጡለት፤ እንደ እርሳስ የቀጠነ ብሎን እስኪነክስ አጠበቁበት፤ ትርፉን በመጋዝ ቆረጡት። እስከዚህ ድረስ ቅጣው ገብቶታል። ሁለተኛውን ቀዳዳ ሲበሱ ግን ያበዱ መሰለው፤ አሁን ያጠበቁትን ብሎን ጎኑን እየበሉ ነበር የሚበሱት።

“ጋሼ፣ የሠሩትን እያፈረሱት እኮ ነው።”

“ካልተነካከሱ አይያያዙም” አሉ ቀና ሳይሉ። “አባቴ የበግ ጠጉር ልብስ፣ ባና፣ ሠሪ ነበር። ክር ከክር ካልተሳሰረ ብርድ ያስገባል ይል ነበር። ውሃም ያው ነው።”

ሁለተኛው ብሎን የመጀመሪያውን ጎን ነክሶ ገባ። ሦስተኛው ሁለተኛውን ነከሰ። ሽማግሌው ሲሠሩ አይቸኩሉም፤ አያወሩም፤ በየመሐሉ ትንፋሻቸውን እፍ ብለው የብረቱን ብናኝ ያስወጣሉ። ጣቶቻቸው በእርጅና ተጣመዋል፤ መሰርሰሪያውን ሲይዙ ግን አንዲት ፀጉር ታህል አይዛነፉም። ቅጣው ፎቶ ሊያነሣ ስልኩን አወጣና መልሶ ኪሱ ከተተው። ቅዳሴ ላይ ስልክ ያወጣ ያህል አፈረ።

መቁጠርም ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሠላሳ ብሎን ላይ ደርሰው ነበር። የተሰነጠቀው ብረት በሰው እጅ፣ ያለ እሳት፣ አንድ በአንድ እየተያያዘ ሲገጥም ጠጋ ብሎ ተመለከተ። እንዲህ ለሚሠራ እጅ መዋሸት ከበደው።

“ጋሼ፣ አልረሳሁትም” አለ።

መሰርሰሪያው ቆመ።

ቅጣው ሁሉንም ተናገረ። ያን ቀን ከቆላው ሲወጣ የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ ፈንድቶ ውሃው በሙሉ ፈሰሰ። ቱቦውን በጨርቅ አሰረው፤ በአካባቢው ግን ጠብታ ውሃ አልነበረም። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ እማማ ወለተኪዳን ለታመመች ምራታቸው በጀሪካን የያዙትን ጸበል “የመንገደኛ ነፍስ ይበልጣል፣ እኔ ተመልሼ እቀዳለሁ” ብለው ሰጡት። ጸበሉን ሞተሩ ውስጥ ጨምሮ ሰዉን ሁሉ አገር አስገባ። ማታ እንደ ልማዱ ሊያፈስ መኪናዋ ሥር ገባ። ከሞተሩ የሚወርደው ውሃ ብረት ለብረት እየተረጨ ነው፤ አንድ ሰው ተኝቶ እየከፈተ በሳፋ ሊሰበስበው አይችልም። ግቢው ደግሞ የበግና የውሻ መረገጫ ነው፤ ጸበል አይደፋበትም። ማፍሰሻውን እንደያዘ እጁ አልታዘዝ አለው።

“ጸበል አይጎዳኝም አልኩ። ሞተሩን በባና ሸፍኜ ገባሁ። አከበርኩት ጋሼ፣ እሱ ግን ሰበረኝ። ይህን ለሰው ከምናገር ረሳሁት ብዬ ዋሸሁ። የሆድ የሆዴን ልንገርዎ፣ ከዚያ ወዲህ መጸለይም አቅቶኛል።”

አቶ ይሥሐቅ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉ። ከዚያ የቅጣውን እጅ ይዘው ስንጥቁ ላይ አሳረፉት።

“የዚህን ውፍረት አየኸው? እኔ ይህን በመዶሻ ልሰብር ብል ስንት ቀን እንደምለፋ ታውቃለህ? ውሃው ግን ዝም ብሎ ተኝቶ ሰበረው። ብርድ ሲነካህ ስፋ ተብሏል፣ ሰፋ። ጸበልም ሆኖ የታዘዘውን አልተወም። አንተን መቅጣቱ አይደለም ልጄ፣ ለፈጠረው መታዘዙ ነው።”

ቅጣው ብረቱን ዳሰሰ። ሃያ ስድስት ዓመት ውርጭን እንደ ሌባ ሲጠብቅ ኖሯል፤ አንድም ቀን ግን አልተደነቀበትም። አሁን ያ ጸጥ ያለ ኃይል ታየውና ፈራ፤ ፍርሃቱ ግን የሚያስጠላ ፍርሃት አልነበረም። ሽማግሌው ሠላሳ አንደኛውን ቀዳዳ መብሳት ጀመሩ።

ብሎኖቹ አርባ አንድ ሆኑ። አቶ ይሥሐቅ አናታቸውን በመዶሻ ቀስ እያሉ ቀጥቅጠው አዋሃዷቸው፣ በሞረድ አስተካከሏቸው። የቀረው አንዲት ጠባሳ የመሰለች መስመር ነበረች።

ሞተሩ ተገጣጥሞ መኪናዋ ላይ በወጣበት ቀን ከሰዓት በኋላ እማማ ወለተኪዳን ወደ ቅጣው ግቢ መጡ። ሞተሩ የተሰነጠቀው ጸበሉ ባደረበት ሌሊት መሆኑን ሰምተው ነው። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ጥግ ላይ ቆሙ።

“ልጄ ቅጣው፣ እውነቱን ንገረኝ። የኔ ውሃ ነው የሰበራት?”

አይደለም ማለት ቀላል ነበር፤ ረስቼ ነው ማለት ደግሞ የለመደው ነገር ነው። ቅጣው አሮጊቷን አያቸውና እውነቱን ነገራቸው።

አዳምጠው ሲጨርሱ ነጠላቸውን ከአፋቸው አነሡ። “ታዲያ ምነው አትጠራኝም? አንተ ስትከፍት እኔ ሳፋ እይዝ ነበር። የተረፈው ቢረጭ እኔው ላይ ነው። ጸበል ቢረጭብኝ ምን እሆናለሁ?”

ቅጣው በአጥሩ ላይ ወደ ቤታቸው አየ። ቤታቸው ከእሱ ቤት ሁለት አጥር ነው የሚርቀው።

ሞተሩ ላይ ተራ ውሃ ሞሉ። አቶ ይሥሐቅ ስፌቱ ላይ እንደገና ጠመኔ ነሰነሱበት። “ጠብታ ካመለጠች ይጠቁራል። ከጠቆረ በቃ፣ ለቆራሌው ነው” አሉ። ቅጣው ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አቃሰተ፤ በሦስተኛው ተነሣ። ግቢው በሙሉ ተንቀጠቀጠ። የሙቀት መለኪያው ቀስት ከታች ተነሥቶ ግማሹን አለፈ፤ ውሃው ውስጥ ለውስጥ ሲፈላና ሲገፋ ይሰማል። ቅጣው ወርዶ ስፌቱ ላይ ዐይኑን ተከለ። ጠመኔው ነጭ ነው። ግማሽ ሰዓት ቆዩ፤ አሁንም ነጭ ነው። አርባ አንዱ ብሎኖች ተነካክሰው አንዲት ጠብታ አላሳለፉም። ቅጣው እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀረ፤ እንባው መውረዱን ያወቀው አገጩ ሲረጥብ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰማዩ ጠርቶ ብርዱ መቆንጠጥ ጀመረ። አቶ ይሥሐቅ ሞተሩን አስጠፉትና ጥቂት እንዲበርድ ጠበቁ።

“በል አፍስስ” አሉ።

ቅጣው መኪናዋ ሥር ገባ። እማማ ወለተኪዳን ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተንበረከኩና ሳፋውን አስጠጉ። ሲከፍተው ውሃው ለብ ብሎ እየተረጨ ወረደ፤ እጅጌያቸውን አራሰው፤ ቅጣውን ደረቱ ላይ አገኘው። አብዛኛው ግን ሳፋው ውስጥ ገባ።

“ሙቅ ነው እኮ” አሉ አሮጊቷ። “ይህማ ዝም ብሎ አይደፋም። እኚህን ሰው እጃቸውን አስታጥባቸው።”

አቶ ይሥሐቅ የጠቆሩ፣ የተጣመሙ እጆቻቸውን ዘረጉ። ቅጣው በጣሳ እየቀዳ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጣት በጣት አፈሰሰላቸው። ውሃው ጥቁር ሆኖ በእግሮቻቸው መሐል መሬት ላይ ወረደ። ቅጣው ሲወርድ አየው፤ በዚህ ጊዜ ግን እጁ ታዘዘው፤ ጣሳውንም እንደገና ሞላ።