ሌንሱን እንዳትነካው

"አጥፊው አልኩሽ!" ተቋራጩ እጁን ወደ ካሜራው ሰደደ።

የሕንፃ ተቆጣጣሪዋ ፈጥና ዞር አለች። ትንሿ ካሜራ ሌንሷን አስግጋ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ከተገፋች አበቃላት፣ የተጣመመ ሌንስ አይገባም አይወጣም። በመዳፏ ጋረደችው። ክርኗ ከግድግዳው ተላትሞ ተላጠ፤ ሌንሱ ግን ተረፈ።

"ጋሼ፣ ሌንሱን እንዳትነካው! የመሥሪያ ቤት ዕቃ ነው።"

ጋሼ የምትለው የታላቅ እህቷ ባል ስለሆነ ነው። ተምራ ለቁም ነገር የበቃችው እሱ ቤት አድጋ ነው። ዛሬ የመጣችው ግን እሱ የሚያሠራውን ሕንፃ ልትመረምር ነው። የላይኛውን ወለል በተሸከመው ምሰሶ አናት ላይ ስንጥቅ አይታለች። ስልኳ ከሩቅ ሲያነሳ ያደበዝዛል፤ ስንጥቁን አቅርባ የምታሳየው ይህች ካሜራ ብቻ ናት።

"ልስኑ ነው የተሰነጠቀው። ልስን ደግሞ መሰንጠቅ ልማዱ ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ልስን ከሆነ ምን አስፈራህ?"

በዚህ መሃል ከላይ ሠራተኞቹ አሸዋ ሲዝቁ አቧራው በላያቸው ቦነነ። ካሜራውን ቶሎ አጠፋችው። ሌንሱ ሲጥ ብሎ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

"ገፋ አድርጊው፣ ይገባል።"

"ከገፋሁት ይሰበራል።"

እፍ ብትልበት አሸዋው ወደ ውስጥ ይገባል። የካሜራውን ፊት ወደ መሬት ደፍታ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ በሻርፗ ጫፍ ዙሪያውን ቀስ እያለች ጠረገችው። እንደገና ስታበራው ሌንሱ ተንገራግጮ ወጣ፤ ስታጠፋው ጥርቅም ብሎ ገባ። እፎይ አለች።

"አንቺ ልጅ" አለ ተቋራጩ፤ ዓይኑ ቀልቷል። "ሥራው ከቆመ እኔ አለቀልኝ። ለእህትሽ ምን ልትያት ነው?"

"ከላይ ላሉት ሰዎች ሚስቶችስ ምን እንበላቸው?"

 ወዲያው ስልኳ ጠራ፤ እህቷ ነበረች። ቀና ብላ አየችው።

"እንድትደውልልኝ ነገርካት?"

አንገቱን ደፋ።

ስልኩ በእጇ ላይ መጮኹን ቀጠለ። ባታነሳው እህቷ እንደምትቀየማት ታውቃለች፤ ብታነሳው ደግሞ ልቧ እንደሚሸነፍ ታውቃለች። ድምፁን አጥፍታ ኪሷ ከተተችው።

"ጋሼ፣ በመጀመሪያ ሰዎቹን አስወርዳቸው" አለችና ካሜራውን ወደ ስንጥቁ አዙራ አበራች።