ወፏ ወይስ ወፉ

የመድኃኒት ቤታችንን አሮጌ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚያወርዱት ሠራተኞች ሥራቸውን የጀመሩት እኔ በሩን ሳልከፍት ነበር። ስደርስ ሰሌዳው ከግድግዳው ተላቆ በገመድ ተንጠልጥሏል፤ ከጀርባው የወጣው ጭድ፣ ላባና ክር ደረጃው ላይ ተበትኗል። ከሠራተኞቹ አንዱ ጓንት ያጠለቀ እጁን እንደ ሰሃን ዘርግቶ ወደ እኔ መጣ።

«ዶክተር፣ ይቺ ከውስጥ ወጣች» አለኝ። በዚህ መንገድ መድኃኒት የሚሸጥ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ማረሙን ከተውኩ ቆይቻለሁ።

ጓንቱ ላይ ያለችው ፍጥረት ወፍ ለመባል ገና ነበረች። አፏ ከጭንቅላቷ ይሰፋል። ክንፎቿ ላይ ያለው ላባ ሳይሆን የላባ እሾህ ነው። ዓይኖቿ ግን ተከፍተዋል፤ የተቆጣች ትመስላለች።

«ጎጆዋስ?» አልኩት።

ጫማውን አነሳ። ቆሞበት ነበር።

ባዶ የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ጥጥ ጎዝጉዤ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኳት። እናቷ ትመጣ እንደሆነ ብዬ ቀኑን ሙሉ በአንድ ዓይኔ ስጠብቅ ዋልኩ፤ አልመጣችም። ማምሻውን ከጎናችን ያለው የእንስሳት ሐኪም እንደ ልማዱ ለራሱ ራስ ምታት ኪኒን ሊገዛ ሲገባ አሳየሁት።

«እኔ የማክመው ላም ነው» አለ መነጽሩን ወደ ግንባሩ እየሰቀለ። «ቢሆንም ሙቀት ስጪያት። የእንቁላል አስኳል አርጥበሽ በትንሽ በትንሹ አብያት። ውሃ አፏ ውስጥ እንዳታንጠባጥቢ፣ ሳንባዋ ይገባል። የቀረው እንግዲህ ዕድሏ ነው።»

«ሒሳቡ ስንት ነው?»

«የማስከፍለው በኪሎ ነው» አለና ኪኒኑን ይዞ ወጣ።

ቤት ስገባ አማቴ ሻንጣቸውን አልጋው ላይ ከፍተው ሹራብ ያጥፋሉ። የፊታችን ቅዳሜ የባለቤቴ እህት መጥታ ትወስዳቸዋለች። ባለቤቴ ሲታመም ሊያስታምሙት መጡ፤ ከዚያ እኔን ሊያጽናኑ ቆዩ፤ አሁን ግን የሚቆዩበት ምክንያት አለቀ። እንዲህ ብሎ የተናገረ ሰው የለም። እሳቸው ሸክም እንዳይሆኑብኝ ሲጠነቀቁ፣ እኔ ደግሞ ከሴት ልጃቸው እንዳልነጥቃቸው ስጠነቀቅ፣ ቀኑ በራሱ ተቆረጠ። እንዲሄዱብኝ አልፈለግሁም። ይህ እንዴት እንደሚነገር ግን አላውቅበትም። «ይቆዩ» የሚባለው ለማንኛውም እንግዳ ነው፤ ኮቱን እየለበሰ ላለ ሰው በር ላይ ቆመው የሚሉት።

ካርቶኑን ሲያዩ እጃቸው ሹራቡ ላይ ቀረ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ወፍ ናት፣ እማማ። ጎጆዋ ፈርሶባት ነው።»

ጎንበስ ብለው አዩ። «ይሄ የሚሞት ነው» አሉ። «እንግዲህ በዚህ ቤት ደግሞ…» የቀረውን ዋጡት። የሽሮፕ ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ በካልሲ ጠቅልዬ፣ ካርቶኑ ውስጥ አስገባሁና ተኛሁ።

ጠዋት ከወጥ ቤት በሚመጣ ድምፅ ነቃሁ። አማቴ በእኔ የቅንድብ መቆንጠጫ አስኳል ይዘው ካርቶኑ ላይ አቀርቅረዋል።

«ክፈት አፍህን። ይኸው። ቀስ በል፣ ማንም አይቀማህም።»

«ወንድ ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«እንዴታ። ይሄ ሆድ የሴት ነው?»

«ለእኔ ሴት ነው የምትመስለኝ።»

«አንቺ መጽሐፍ አንብበሻል፤ እኔ ወንድ ልጅ አሳድጌአለሁ። ይኸው ጠግቦም ይጮሃል፣ ልክ እንደ…» ፈገግ አሉ፤ ከዚያ መቆንጠጫውን በጨርቅ ጠርገው አስቀመጡት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእሳቸው «አንተ ሆዳም» ሆነ፤ ለእኔ «አንቺ ቆንጆ» ሆነች። ለሰሚው በአንድ ካርቶን ሁለት ወፍ የምናሳድግ ነበር የምንመስለው። በተደማመጥን ቁጥር እየተራረምን፣ ማናችንም አልተሸነፍንም።

ሥራ ቦታ ሆኜ ስደውል ስልኩን አንስተው በሹክሹክታ «አሁን ገና ተኝቷል፣ ጮክ አትበይ» ይሉኛል፤ እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ጠዋት ስንቴ በላች?» እላለሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ ሰምታ «ሕፃን አለ እንዴ ቤት?» አለችኝ። «እንግዳ ነው» አልኳት፤ ነገሩን ከመጀመሪያው ማስረዳት ረጅም መሰለኝ።

ወደ ቤት የምመለሰው በፍጥነት ነበር። ከዚያ በፊት ራታችንን አማቴ በጊዜ፣ እኔ ዘግይቼ፣ ለየብቻ ነበር የምንበላው። አሁን ካርቶኑን ጠረጴዛው መሐል አድርገን ግራና ቀኝ እንቀመጣለን። እሾሁ እየተሰነጠቀ ላባ ሆነ። ጭራ የምትመስል ነገር ብቅ አለች። ወፏ የካርቶኑ ጠርዝ ላይ ወጥታ ሁለታችንን በየተራ ታየናለች፣ ማንኛችን ቀድመን እንደምናጎርሳት ለመገመት ይመስለኛል። አማቴ «ያውቀኛል» ይላሉ። እውነትም የእሳቸውን የእግር ኮቴ ስትሰማ ነበር የምትጮኸው፤ የእኔን ስትሰማ ዝም ትላለች። ይህንን አልነገርኳቸውም፤ ራሳቸውም ያውቁታል፤ ሊኮሩብኝ ስላልፈለጉ ነው ዝም ያሉት።

ዓርብ ከሥራ ቀድሜ ወጣሁ። አማቴ መኝታ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ የሻንጣው ዚፕ ይሰማኛል። እኔ ሳህን ሳጥብ ወፏ ከካርቶኗ ዘላ ወረደችና በወጥ ቤቱ ወለል ላይ እየተንደረደረች ወደ በረንዳው በር አቀናች። ክንፏን ትዘረጋለች፣ ትወድቃለች፣ ተነሥታ ትቀጥላለች።

«የት ልትሄጂ ነው?» አልኳት እጄን እያደራረቅሁ። «ኧረ ቆዪ። ምን ጎደለብሽ እዚህ? አንቺም ከሄድሽብኝ እኔ ከማን ጋር ልቀመጥ ነው?»

ለወፍ ስለነበር ቀለለኝ። ለሰው ቢሆን ግማሹ እንኳን አይወጣኝም ነበር።

ዚፑ ጸጥ አለ።

«እሺ» አሉ አማቴ ከመኝታ ክፍል።

ሹራባቸውን በክንዳቸው ላይ እንደያዙ ብቅ አሉ። ፊታቸው ቀልቶ ነበር። «እንግዲህ እንዲህ ካልሽኝ የት እሄዳለሁ» አሉ። «አንድም ቀን አንቺ ብለሽኝ አታውቂም። ልጆቼ ናቸው እንደዚያ የሚሉኝ።»

ያኔ ገባኝ። ለእሳቸው ወፉ «አንተ» ነው። በዚያ ቤት ውስጥ «አንቺ» ሊባል የሚችል ሰው ከእሳቸው ሌላ አልነበረም።

አዎ ብል ኖሮ በዚያው ያልቅ ነበር። ምላሴ ግን የለመደውን አለ፦ «ይቀመጡ እማማ፣ ሻይ ላፍላልዎ?»

አዩኝ። ቀጥለው ወለሉን አዩ። ወፏ ጫማዬ አጠገብ ቆማ አፏን ከፍታለች።

«አሃ» አሉ። «ለሱ ነው ለካ።»

«እማማ…»

«ምንም አይደል። ይሄ ጆሮዬ ነው፣ የፈለገውን ነው የሚሰማው።» ወፏን ከወለሉ አንሥተው ካርቶኗ ውስጥ መለሷትና ወደ መኝታ ክፍል ገቡ። ዚፑ እስከ መጨረሻው ሲዘጋ ሰማሁት።

ቅዳሜ የባለቤቴ እህት መጣች። ቤተሰቡ «አለቃ» ነው የሚላት፤ ገና በሩ ላይ ሆና ነው የምታዘው። «መኪናዋን መንገድ ላይ ነው ያቆምኳት፣ ቶሎ በሉ። እማዬ፣ ይሄ ብቻ ነው ሻንጣሽ? ቀልሎልሻል።» አንሥታው ወደ ደረጃው ወጣች።

አማቴ ሻርፓቸውን እየጠመጠሙ የመጨረሻውን ትእዛዝ ሰጡኝ። «አስኳሉ እንዳይደርቅ። አፉን ጥረጊለት። ለመስኮቱ አትቸኩዪ፣ ክንፉ ገና ነው። ደግሞ የሚጮኸው ሁልጊዜ ርቦት እንዳይመስልሽ፤ አንዳንዴ ሰው ፈልጎ ነው።»

«እሺ። እማማ፣ ይቆዩ» አልኳቸው።

«ኧረ እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። በቃ፣ አስቸገርኩሽ» አሉ። የእንግዳ መልስ ነው። ሌላ ምን ይበሉ፣ እኔ ያልኩትም የእንግዳ ነው።

ካርቶኑ ላይ ጎንበስ ብለው በጣታቸው የወፏን ራስ ዳሰሱ። እህቲቱ ከታች «እማዬ» ብላ ተጣራች።

«ቆዪ» አልኩ።

ቀና አላሉም። ጣታቸው ግን ቆመ። «ማንን ነው?» አሉ። «እሱን ነው እኔን?»

«እሱማ ወንድ ነው» አልኩ። «አንቺን ነው። አትሂጂብኝ።»

ሻርፓቸውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ። እህቲቱ ሻንጣውን እንደያዘች እያለከለከች ተመልሳ ወጣች። «ምን ሆናችሁ? መኪናዋን እኮ ያስነሡብኛል።»

«ሻንጣውን መልሺው» አለች አማቴ።

«ወደ የት?»

«ወደነበረበት። ቆዪ ተብያለሁ።»

አለቃ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ነሽ? ቆዪ አልሻት? እንደዚህ፣ በአፍሽ?»

«አዎ።»

«ክፍሉን ቀለም አስቀብቼ፣ መጋረጃ ሰቅዬ…» ሻንጣው ላይ ቁጭ አለች። ለትንሽ ጊዜ ያኮረፈች መሰለኝ፤ ከዚያ እናቷን ስታይ ፊቷ ላላ። «በሉ ቢያንስ ውሃ ስጡኝ። መጋረጃውንም ትከፍሉኛላችሁ።»

አማቴ ሻርፗን ፈትታ ወንበሩ ላይ ጣለች። ወፉ አፉን በልቅጦ ይጮኻል።

«መጣሁ፣ መጣሁልህ» አለችው፤ ወደ እኔም ሳትዞር፣ «አንቺ ደግሞ ተገትረሽ አትይኝ፣ እንቁላል ጣጂ።»