ሠላሳ አምስት ምን?

ኦረስት ህናቲዩክ ዕድሜ ልኩን ያመነው አንድ ነገር ቢኖር ቁጥርን ነው። በሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ሠላሳ ዓመት የበረዶ ሆኪ ልጆች ሲያሠለጥን፣ "ዳኛ ይዋሻል፣ ተጫዋች ይዋሻል፣ ቁጥር ግን አይዋሽም" ሲል ያልሰማው የለም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከዚህ እምነቱና ከልጁ ከላሪሳ በቀር የቀረው ነገር አልነበረም።

ላሪሳ በረኛ ናት። የሆኪ በረኛ ጉልበቱን ወደ ውስጥ፣ እግሩን ወደ ውጭ እየጣለ በረዶው ላይ ሺህ ጊዜ ይወድቃል፤ ዳሌ ደግሞ ለዚህ አልተፈጠረም። በሃያ ሁለት ዓመቷ ዳሌዋ አልታጠፍም አለ። ሐኪሙ ጥፍር በሚያህሉ ሦስት ቀዳዳዎች ገብቶ፣ የጭን አጥንቷ አንገት ላይ የበቀለውን ትርፍ አጥንት ሞረደላት። የተሞረደው አንገት እስኪጠና ጊዜ ይፈልጋል። የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ቡድን ደግሞ በመስከረም አንድ በረኛ ይመርጣል፤ አባትና ልጅ ቀን የሚቆጥሩት ለዚያ ነበር።

"እግርሽ መሬት ይንካ እንጂ አይሸከም" አለቻት እንደገና መራመድ የምታስተምራት ባለሙያ፣ ቤቨርሊ። "ሃያ ፓውንድ ብቻ። የሰው ሚዛን ግዙ። በሁለት ክራንች ተደግፈሽ የታመመውን እግር ሚዛኑ ላይ ታደርጊና ሃያ እስኪል ትጫኛለሽ። እግርሽ ልኩን ይልመደው። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ በየሳምንቱ አምስት ትጨምሪያለሽ።"

ኦረስት በዚያው ቀን የሚያብረቀርቅ አዲስ የመስታወት ሚዛን ገዛ። በየማለዳው ወጥ ቤት ወለል ላይ ተንበርክኮ ትልልቁን ቁጥር ያነብላት ጀመር።

"አባዬ፣ ይሄ ሃያ ይከብዳል።"

"የሆኪው ዲስክ ግንባርሽን ሲመታሽ ያልጮኽሽ ልጅ ለሃያ ፓውንድ ልታለቅሺ ነው?"

"አላለቀስኩም። ያማል ነው ያልኩህ።"

"ማመሙንማ ያማል። አሥራ ስምንት ነው ያለሽ። ተጫኚ!"

ተጫነች። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ተጫኚ ሲላት ስትጫን ነው ያደገችው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በአራተኛው ሳምንት ሃያ አምስት፣ በአምስተኛው ሠላሳ፣ በስድስተኛው ሠላሳ አምስት ደረሱ። ኦረስት ደስታው ወሰን አልነበረውም። እሷ ማታ ማታ ትራሷን ነክሳ እንደምትተኛ አልነገረችውም፤ እንደሚያማትማ ነግራው ነበር፣ ሰሚ አጣች እንጂ።

በስድስተኛው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ላሪሳ በክራንቿ ወደ ወጥ ቤት ስትመጣ፣ እግሯን በለመደው ልክ ወለሉ ላይ ተጫነችው። ኦረስት ደረቅ እንጨት ሲሰበር የመሰለ ድምፅ ሰማ። ዞር ሲል ልጁ ፍሪጁ ሥር ወድቃለች።

ሐኪሙ አጥንቱን በሦስት ብሎን አሰረው። ደም ወደ አጥንቱ ራስ ካልተመለሰ አጥንቱ ይሞታል፣ ያን ጊዜ ሰው ሠራሽ ዳሌ ነው የሚገባላት አላቸው። ስለ ሆኪ የጠየቀው አልነበረም። ቤቨርሊ ኮሪደሩ ላይ ኦረስትን አገኘችው።

"ስንት ላይ ደርሳችሁ ነበር?"

"ሠላሳ አምስት። እንዳልሽን።"

"ሠላሳ አምስት ምን?"

"ምን ማለት ምን ማለት ነው? ሠላሳ አምስት ነዋ!" ብሎ ጮኸባት።

ጥያቄዋ ግን እስከ ቤቱ ተከተለው። በዚያ አገር መንገዱ በኪሎ ሜትር፣ ወተቱ በሊትር ይለካል፤ ሰው ግን ክብደቱን ሲጠየቅ በፓውንድ ነው የሚናገረው። ኦረስት ጫማውን አውልቆ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ዘጠና አራት አለው። ሁለት መቶ ሰባት ፓውንድ የሚመዝን ሰው ነው። መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ ሲል፣ ከቁጥሩ ጎን ጉንዳን የምታክል ጽሕፈት አየ፤ ኪሎ ትላለች፤ አንድ ኪሎ ደግሞ ከሁለት ፓውንድ ይበልጣል። ከሚዛኑ ሥር መለወጫ ቁልፍ አለች። በዚያ ባልዳነ አጥንት ላይ በየማለዳው ከተፈቀደው ከእጥፍ በላይ ሲያስጭናት ከርሟል።

ቁልፏን አንድ ጊዜ ቢነካት ፓውንድ ይሆናል፤ ማንም አያውቅም። አውራ ጣቱ እላይዋ ላይ ብዙ ቆየ።

ሆስፒታል ሲደርስ ቀድማ አፍ የከፈተችው ላሪሳ ናት። "አባዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሐሙስ ጠዋት አንተ ደጅ በረዶ ስትጠርግ ሁለት እርምጃ ያለ ክራንች ሄጃለሁ። ለቤቨርሊም ነግሬያታለሁ። ይቅር በለኝ።"

 ኦረስት ይቅር ብዬሻለሁ ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር፤ አፉ ላይም ደርሶ ነበር። ከካፖርቱ ሥር ሚዛኑን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በመዳፉ ተጫነው።

"አንብቢልኝ።"

"አሥራ ሁለት።"

"ከጎኑ ያለችውን።"

ላሪሳ አንገቷን አስግጋ አየች። 

"ኪሎ" አለች።

"አላየሁትም፣ ልጄ። እኔ ነኝ የሰበርኩሽ።"

ኪሎውን ትታ ፊቱን ተመለከተችው። "ያማል ብዬህ ነበር።"

"ብለሽኛል።"

"በየቀኑ ብዬህ ነበር።"

 ላሪሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ክራንቼን ወደዚህ አስጠጋልኝና ውጣ።"

እጇ የሚደርስበት ቦታ አስደገፈላትና ወጣ።