እጅ ወደ ኋላ

«ሰኞ ብታደርጉትስ?» አለ አጎትየው።

ረጅሙ ተማሪ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ባለመነጽሯ ጓደኛው ግን አላስቻላትም። ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስታ፣ «ጋሼ፣ ጨረቃዋን ማን ያናግርልን?» አለችና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

ጎረቤቶቹ አንገታቸውን ደፉ። አንዷ ሳቋን በሳል አስመስላ አሳለፈችው። አጎትየው ግን ቀልድ አያውቅም። የእህቱ ልጅ ከተቀበረች ወዲህ የቤቱ ዘበኛ እሱ ነው፤ ማን እንደገባ፣ ማን ድምፁን ከፍ እንዳደረገ ይከታተላል። ነገ ረፋድ ላይ ፀሐይ ትጋረዳለች ቢሉት መልሱ አንድ ነው፤ ሐዘኑ ሳያበቃ ከሟቿ ክፍል መርፌ አትወጣም።

ችግሩ ግርዶሹን የሚያሳዩበት ቴሌስኮፕ እዚያው ክፍል ውስጥ መሆኑ ነው። ሌላ ደግሞ የላቸውም። ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለዶክትሬት ፊዚክስ የሚያጠኑ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ሳይንስ ያስተምራሉ። ይህን የጀመረችው ሟቿ ናት። ግርዶሹን በቴሌስኮፕ አሳያችኋለሁ ብላ ለልጆቹ ቃል የገባችውም እሷ ናት። እንዲህ ያለው ግርዶሽ እዚህ ሰፈር ተመልሶ እስኪመጣ ልጆቹ ሽበት ያበቅላሉ።

እናትየው ይህን ሁሉ ጥጓን ይዛ ትሰማለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ እጇ ሥራ ሲፈታ ያማታል። ብርጭቆ ልትሰበስብ ብድግ ስትል ጎረቤት ቀሚሷን ይጎትታል፤ «ኧረ ተቀመጪ! አሁን እንኳ ይሠራልሽ!» ትቀመጣለች። ትንሽ ቆይታ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ኮት ላይ የላላ ቁልፍ ታያለች፤ እጇ ሳታዝዘው ወደዚያ ይሄዳል።

ልጇ በዚህ እጅ ስትስቅ ነው የኖረችው። ማስተማር የጀመረች ቅዳሜ ቤት የገባችው ግን ተናዳ ነበር። ቦርሳዋን አልጋው ላይ ወርውራ፣ «እማዬ፣ ጉድ ሆንን!» አለች። «እኛ ስናገናኝ፣ እኛ ስናበራ፣ ልጆቹ የኛን እጅ ሲያዩ ዋሉ። እንቅልፍ የወሰደው ሁሉ አለ!»

«ታዲያ አይተው አይማሩም?»

«እኔ ካንቺ አይቼ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ተማርኩ? ገና ሳልይዘው ትነጥቂኝ ነበር እኮ!»

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። በቀጣዩ ቅዳሜ ልጅቷ ለጓደኞቿ ሕግ አወጣች፤ አስተማሪ የሆነ ሁሉ እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል። ልጁ ያፍስስ፣ ያጣምም፣ ያበላሽ። መጠየቅ ይቻላል፣ መንካት ክልክል ነው። ነገ ዶክተር ሊባሉ የደረሱ ሰዎች እንደ እስረኛ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። የሰፈሩ ልጆችም «እጅ ወደ ኋላ» የሚል ስም አወጡላት።

አንድ ቅዳሜ እናትየው ልታይ ሄደች። አንዲት ሕፃን አምፖሏን ከባትሪው ማገናኘት አቅቷት ስትቁለጨለጭ አየችና እጇ አመለጣት፤ ሽቦውን ገጠመችላት። ልጇ በልጆቹ ሁሉ ፊት፣ «እማዬ፣ ውጪ!» አለቻት። እየሳቀች ወጣች።

«ግን ፀሐይ እንዴት ነው የምትጋረደው?» አለች ለቅሶው ላይ ከተቀመጡት ጎረቤቶች አንዷ በሹክሹክታ።

ባለመነጽሯ ይህን ነበር የምትጠብቀው። ከሳህኑ ላይ ሁለት ብስኩት አንስታ አንዱን ባንዱ ላይ አንሸራተተች። ሐዘንተኛው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

«ቆይ ቆይ፣» አለ አጎትየው ሳያስበው። «ፀሐይ ትልቅ አይደለችም እንዴ? ጨረቃ በምን አቅሟ ትሸፍናታለች?»

«አውራ ጣትዎን ወደ ዓይንዎ ያስጠጉ፣ ጋሼ። ሌላውን ዓይን ይጨፍኑ። አሁን በሩ ይታያል?»

አጎትየው አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ጣቱን አራቀ፣ አቀረበ። «ወይ ጉድ!» አለ። ቤቱ ሙሉ ሰው ጣቱን ዓይኑ ላይ ደቀነ። አጎትየው ግን ወዲያው ራሱን ገታ። «ቢሆንም! ሐዘን ሐዘን ነው። ሰው ምን ይላል?»

እናትየው ብድግ አለች። ማንም ሊያስቀምጣት አልደፈረም።

«ያሻውን ይበል፣ ወንድሜ። ከፈለገ መጥቶ ይይ። ልጄ ቃል ገብታ ቀርታ አታውቅም፤ ዛሬ ሞተች ብዬ ውሸታም አላስብላትም። እዚሁ ግቢዬ ውስጥ ይሁን።»

ክፍሉን ራሷ ከፈተችላቸው።

በማግስቱ ግቢው ልጅ በልጅ ሆነ። አጥር ላይ የወጣ አለ፣ አባቱ ትከሻ ላይ የተቀመጠ አለ። እናትየው ነጭ ጨርቅ በእንጨት ላይ ወጥራ አዘጋጅታለች፤ የፀሐይዋ ምስል በቴሌስኮፑ አልፎ እዚያ ላይ ያርፋል። «ዓይን ወደ ጨርቁ ብቻ! ቀና ያለ ወየውለት!» ትላለች ባለመነጽሯ።

ምስሉን የሚያጠራው መዘውር ድንቢጥ ለምትባል ልጅ የተሰጠ ነው። ያችው የአምፖሏ ልጅ ናት፤ ሟቿ አስቀድማ መርጣታለች። ድንቢጥ አዞረችው። ጨርቁ ላይ ያለው ብርሃን ብሶበት ደበዘዘ።

«ጀመረ! ሰዓቱ ደርሷል!» ብሎ ረጅሙ ጮኸ። እጁን ዘረጋ፣ ሕጉን አስታወሰና መለሰው።

«በሌላ በኩል ነው! አይ ይቺ ልጅ!» አጎትየው በቦታው አልቆም አለ። ድንቢጥ እጇን ከመዘውሩ ላይ አነሳች።

መዘውሩ እናትየው አጠገብ ነው። አንድ ጊዜ ጠምዘዝ ብታደርገው አለቀ። እጇ ተነሳ።

ሆስፒታል ውስጥ ልጇ ማንኪያ መያዝ ያቃታት ቀን ትዝ አላት። እናትየው የዚያን ቀን ትቆጣኛለች ብላ ፈርታ እጇን ሰብስባ ነበር። «እማዬ፣» አለቻት ልጅቷ ፈገግ ብላ፣ «ዛሬስ እጅሽን አምጪው።» እስከ መጨረሻው ድረስ ያጎረሰቻት በዚህ እጅ ነው።

እናትየው እጇን ወደ ኋላ መለሰች። በሌላኛው እጇ ጥፍንግ አድርጋ ያዘችው።

«ምን ሆነ፣ ልጄ?» አለች። «ስታዞሪው ጠራ ወይስ ደበዘዘ?»

«ደበዘዘ።»

«እና?»

ድንቢጥ አሰበች። ወደ ሌላው በኩል፣ ቀስ ብላ አዞረች። ብርሃኑ ተሰበሰበ፣ ተሰበሰበ፣ ከዚያ ጥርት አለ። ጫፏን የተገመጠች ፀሐይ ጨርቁ ላይ ቁጭ አለች።

ግቢው በጩኸት ተናወጠ። «በላቻት! ጨረቃ በላቻት!» ይላል አጎትየው፣ ከልጆቹ ሁሉ ድምፅ በልጦ። ድንቢጥ እየዘለለች ዞር አለች፤ «እማማ፣ እኔ ነኝ እኮ! እኔ ነኝ ያመጣኋት!»

«አንቺ ነሽ፣ ልጄ። አንቺው ነሽ።»

እንባዋ በጉንጯ ወርዶ አገጯ ላይ ደረሰ። አልጠረገችውም። እጇ ወደ ኋላ ነበር።