የስድስት ልጆች እናት

ጥር 13 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዕድላዊት አይታቸው የማታውቃቸውን ወላጅ እናቷን ልትቀብር ሱሉልታ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆማ ነበር።

ዓመት ሙሉ አፈላልጋ ያገኘቻቸው በስልክ ብቻ ነው። ወይዘሮ ሰብለወርቅ ማንነቷን ሲሰሙ፣ «ልጆቹ አያውቁም። ጥምቀት ይለፍና ነይ፤ እስከዚያ እነግራቸዋለሁ» አሏት። ጥምቀት አለፈ። በማግስቱ ልባቸው ቀጥ አለ፤ ዕድላዊት መርዶውን የሰማችው ስትደውል ስልኩን ካነሳ ጎረቤት ነው። ለልጆቹ አልነገሩም።

«ጠብቂኝ ብሎ መሞት ምን የሚሉት ነው?» አለች ዕድላዊት።

አጠገቧ ቡራዩ ያሳደጓት ወይዘሮ ሸዋነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ያለቅሳሉ። በለቅሶ ማንም አይችላቸውም፤ ሟችን ማወቅ እንኳ አያስፈልጋቸውም። ከሚኒባሱ ሳይወርዱ ስለጀመሩ የሟች እህቶች ቦታ ለቀውላቸዋል።

«እማዬ፣ ቀስ በይ። ማናት ሊሉን ነው።»

«ይበሉ። አንቺ ካላለቀስሽ ማን ያልቅስ?»

ዕድላዊት ግን የመጣችው ለማልቀስ አልነበረም። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ቁጥሩን ልትሰማ ነው። አምስት ልጆች ካለ፣ ማንም ሳያውቃት ወደ ቡራዩ ትመለሳለች፤ ሱሉልታን ዳግም አትረግጥም።

የእድሩ ጸሐፊ ኦቦ ዓባይነህ ወረቀቱን ዘርግተው ማንበብ ጀመሩ። ትውልድ፣ ትዳር፣ ደግነት። መቼም ሞቶ ክፉ የሆነ ሰው የለም። «የስድስት ልጆች እናት የነበሩት ወይዘሮ ሰብለወርቅ...»

«አምስት» አለ ትልቁ ልጅ ቢንያም።

ኦቦ ዓባይነህ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። «ስድስት ነው የሚለው።»

«ኦቦ፣ ይኸው ቆመናል፤ ይቁጠሩን።»

«በገና ሰሞን ራሳቸው ቤቴ መጥተው ነው ያጻፉኝ። ‹ቀንሰህ ብታነብ ተነስቼ እመጣብሃለሁ› ብለውኛል። እኔ ደግሞ ሴትየዋን አውቃቸዋለሁ።»

ሰው አንገቱን ወዲያ ወዲህ ማዞር ጀመረ። ወይዘሮ ሸዋነሽ ለቅሷቸውን እንደ ቧንቧ ዘግተው ዕድላዊትን ጎሸም አደረጓት።

«ተጠርተሻል። ሂጂ።»

«ሄጄ ምን ልበል?»

«አቤት በይ።»

በሰው መሀል አልፋ ፊት ለፊት ቆመች። በአቤት ፈንታ እጇን አወጣች። ቢንያም ከላይ እስከ ታች አያት።

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ሠላሳ አንድ።»

«እኔ ሃያ ዘጠኝ ነኝ» አለ። «ታላቅ ከሆንሽ እንግዲህ የአርባው ድግስ ያንቺ ነው።»

ያኔ ነው ዕድላዊት ያለቀሰችው። ወይዘሮ ሸዋነሽ እንኳ አላገዟትም።

የአርባው ወጥ የተሠራው ቡራዩ ነው፤ ድስቶቹን በሚኒባስ ጭና ሱሉልታ ያደረሰችው ዕድላዊት ናት።