ሰባተኛው እርከን

ጋሽ ሽፈራው የተገደሉት ከአስር ሰባት ብለው ስለ መለሱ ነው። ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው ያጋጥመኛል። ጥያቄውን ያነበብኩት እኔ ባልሆን ኖሮ እኔም ሳልስቅ አልቀርም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓለም አገሮችን በደስታ ደረጃ የሚያወጣ አንድ የውጭ ድርጅት ነበር። የየአገሩን ሰው በኑሮህ ምን ያህል ረክተሃል ብሎ ይጠይቅና አገሮቹን ከአንደኛ እስከ ውራ ይደረድራቸዋል። በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ቀወት ገጠር ውስጥ መጠይቅ የሚያስሞላ ሰው ሲፈልጉ፣ በማኔጅመንት ተመርቄ ሸዋ ሮቢት እናቴ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ተጎልቼ የነበርኩት እኔ መቅደስ ተገኘሁላቸው። ደብረ ሲና ወጥተን፣ እኛን የቆላ ልጆች ብርዱ እየቆረጠመን፣ ሦስት ቀን ሰለጠንን። ፍቅሩ የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ ተቆጣጣሪ አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ ነገረን። የተጻፈውን እንደ ተጻፈ አንብቡ፤ አንዲት ቃል የቀየረ ይባረራል አለን።

የመጨረሻው ጥያቄ መሰላል አለው። ከታች ዜሮ፣ ከላይ አስር የተባሉ እርከኖች ያሉት መሰላል ያስቡ ይላል። አስረኛው ከሁሉ የተሻለው ኑሮ፣ ዜሮው ከሁሉ የከፋው ነው። ዛሬ በስንተኛው እርከን ላይ ነዎት? ከአምስት ዓመት በኋላስ በስንተኛው እርከን ላይ የሚሆኑ ይመስልዎታል?

ይህን የተረጎመው ሰው እግሩ ይፋትን ረግጦ እንደማያውቅ እምላለሁ። እኛ ዘንድ እርከን ማለት አፈር እንዳይታጠብ በዳገት ላይ በድንጋይ የሚካበው ነው። ጥርና የካቲት በመጣ ቁጥር ሰው ባንድ ለአምስት እየተጠራ፣ ጀርባው እስኪላጥ ድንጋይ ተሸክሞ የሚሠራው ነው። ሌላ እርከን የለም። ይህን አውቅ ነበርና በመጀመሪያዎቹ መንደሮች «ደረጃ» እያልኩ ጠየቅሁ። ሰውም ገብቶት መለሰልኝ። አንድ ቀን ፍቅሩ ሳይነግረኝ መጣና ከኋላዬ ቆሞ ሰማኝ። ከተርጓሚው ልትበልጪ ነው ወይ ብሎ ሰው ፊት አዋረደኝ። ሥራውን እፈልገው ነበር፣ ስለዚህ ከዚያ ወዲያ አፌን ዘግቼ እንደ ተጻፈው አነበብኩ። ያን ቀን ትቼለት መውረድ ነበረብኝ፤ አልወረድኩም።

ግራር አፋፍ የሚሉት መንደር ከወንዝ ዳር ተነስቶ ሽቅብ ዘጠኝ እርከን አለው። ከታች አራቱ የጋሽ ሽፈራው ነበሩ፣ ከላይ አምስቱ የተፈራ። ጋሽ ሽፈራው ስልሳ ያለፋቸው ሽማግሌ፣ ተፈራ ደግሞ የአርባ ዓመት ጎልማሳ፤ ልጁን ክርስትና ያነሱለት እሳቸው ስለሆኑ አበልጆች ናቸው። እርከኑ ሲካብ የጥንቱ የወሰን ድንጋይ ካቡ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ቀበሌው በእርከን ሥራ ከወረዳው አንደኛ ወጣ ተብሎ የምስክር ወረቀት ሲሸለም፣ ሁለቱ አበልጆች ድንበራችን የት ነው እያሉ ተያያዙ። ተፈራ የሽማግሌውን ማጅራት በዱላ አለው። የጋሽ ሽፈራው ልጅ ሙሉቀን ደግሞ የተፈራን ሁለት የፊት ጥርሶች በድንጋይ አረገፈ። በታችኛው መንደር ሰው የሚሰማቸው ሼህ ሷሊሕ ከቄሱ ጋር ሆነው በመከራ አስታረቋቸው። ጋሽ ሽፈራውም ሰው ፊት ማሉ። ከአራተኛው እርከን ሽቅብ እግሬን ባነሳ መሬቷ ትብላኝ አሉ። ይህን ሁሉ እኔ የሰማሁት ከረፈደ ነው።

የሄድኩ ቀን ጋሽ ሽፈራው አውድማ ላይ ማሾ ይወቁ ነበር። ዱላቸውን ጥለው ግራር ጥላ ሥር አስቀመጡኝ፣ ውሃ ሰጡኝ፣ ከማን ወገን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። መጨረሻው ጥያቄ ላይ ስደርስ ፈራሁና አንድ ዘዴ መጣልኝ። ቃል መቀየር ነው የተከለከለው፣ መሳል አልተከለከለም። በእንጨት መሬቱ ላይ መሰላል ሣልኩላቸውና ይህ የኑሮ መሰላል ነው አልኳቸው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩት፤ ገባኝ አሉ።

«አምና ሁለተኛው ላይ ነበርሁ» አሉኝ ጣታቸውን መሰላሉ ላይ አድርገው። «ካበልጄ ጋር ተጣልቼ እህል አይበላልኝም ነበር። ዘንድሮ ታርቀናል። አራተኛው ላይ ጻፊኝ።»

አራት ብዬ ጻፍኩ። ያን ጊዜ ተፈራ ከላይ እየመጣ ነበር፤ ማናችንም አላየነውም። ለአጥር የሚሆን እሾህ ሲቆርጥ ውሎ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ እህል የሚያዘራበት ላይዳ ሊዋስ ነበር የመጣው። ከጀርባችን ሲደርስ የሰማው የቀረውን ብቻ ነው።

«ከአምስት ዓመት በኋላስ በስንተኛው እርከን ላይ የሚሆኑ ይመስልዎታል?» አልኩ፣ እንደ ተጻፈው።

ጋሽ ሽፈራው ሳቁ። «ሰባተኛው ላይ ነኛ። ዕድሜ ይስጠኝ እንጂ፣ ሰባተኛው ላይ ቁጭ ብዬ ነው የማገኝሽ።»

«ምለህ አልነበረም?» አለ ተፈራ ከኋላችን። አንቱ ይላቸው የነበረውን ሰው አንተ አላቸው።

ሽማግሌው ሳቃቸው ገና ከፊታቸው ሳይጠፋ ዞሩ። ና ተቀመጥ፣ አንተንም ትጠይቅህ ሊሉት እጃቸውን ዘረጉ። የመጀመሪያው ምት የተዘረጋውን እጅ ከክርኑ በላይ ሰበረው። ሁለተኛው አንገታቸው ላይ አረፈ። እንጨት ሲፈለጥ የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ እርጥብ ድምፅ። ማሾው ላይ በደረታቸው ወደቁ፤ እግራቸው ገለባውን ጥቂት ጊዜ ገፋ። ተፈራ ሦስተኛ፣ አራተኛም ደገማቸው። አልጮህኩም። ወረቀቱን ደረቴ ላይ ይዤ ተቀምጬ ቀረሁ፤ ደሙ ቀሚሴን አልፎ ጉልበቴን ሲያሞቀኝ እንኳን አልተነሳሁም።

ተፈራ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነበር።

«ጽፈሽዋል?» አለኝ።

አዎ አልኩት።

«ሰርዥው።»

የመሬት መዝገብ መስሎት ነበር። ሰባቱን ሰረዝኩት። መሰረዙን ጎንበስ ብሎ አረጋገጠና መጥረቢያውን በገለባ ጠርጎ፣ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ገደሉ ሄደ። የሣልኩት መሰላል ከእግሩ ሥር ጠፍቶ ነበር።

ሙሉቀን ሽንኩርት ሲያጠጣ ከነበረበት ማሳ ገጀራውን ይዞ በሩጫ መጣ። አባቱን አንዴ አየና ቀጥታ ወደ ተፈራ ቤት ወጣ። ተፈራን ሲያጣው ሁለቱን በሬዎች ቋንጃቸውን ቆረጣቸው። በሬዎቹ በጉልበታቸው ወድቀው ሲያገሱ ድምፃቸው እታች ድረስ ይሰማል። የማሾውን ክምር በእሳት ለቀቀው፣ ቀጥሎም ቤቱን። የተፈራ ሚስት ወርቅነሽ ከእሳቱ እህል ልታወጣ ስትገባ በገጀራው ጀርባ ደረቷን መታት። ጎረቤት ጎትቶ ሲያወጣት ሁለት መዳፎቿ ተልጠው ነበር። ሙሉቀን እዚያው አመዱ ላይ ቆሞ፣ ከተፈራ ወገን መጀመሪያ ያገኘሁትን ወንድ እገድላለሁ ብሎ በአባቱ ሬሳ ማለ። የተፈራ ወንድሞችም ያን ሲሰሙ ጠመንጃቸውን ከአልጋ ሥር አወጡ።

በማግሥቱ ፍቅሩ ደወለ። ከግራር አፋፍ አንድ መጠይቅ ጎድሎብናል አለኝ። ሰውየው ሞተዋል አልኩት። ነፍስ ይማር አለና፣ የመጨረሻውን ጥያቄ መልሰውት ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። መልሰዋል አልኩ። እንግዲያው በንጹሕ ቅጽ ገልብጠሽ ላኪው አለኝ። የተሰረዘውን ሰባት ገልብጬ ላክሁለት። ስልኩን ስዘጋ ምራቄ ደም ደም ይለኝ ነበር፤ ፍቅሩን ጠላሁት፣ ራሴን ግን የበለጠ ጠላሁ።

በሦስተኛው ቀን ተፈራ ለሽማግሌ እጁን ሰጠ የሚል ወሬ ሮቢት ገባ። ፖሊስ እስኪመጣ ግራር አፋፍ ዋርካው ሥር ሁለቱ ወገኖች ይሰበሰባሉ ተባለ። እናቴ በሩን ዘግታ አትሄጂም አለችኝ። ምን ብለሽ ነው፣ እኔ ነኝ ያስገደልኩት ልትይ ነው አለች። እውነቷን ነበር። ነገር ግን ግራር አፋፍ ሁሉ ተፈራ የነገረውን ይዞ ጋሽ ሽፈራው መሐላቸውን በልተው መሬት ሲመኙ ሞቱ ብሎ አምኗል። ያንን መሰላል ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ዝም ካልኩ ተፈራ ብቻ ሳይሆን ወንድሞቹም፣ ሙሉቀንም ማለቃቸው ነው። በጓሮ ወጥቼ ሄድኩ።

ተፈራ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ለዕርቅ እንደሚመጣ ነፍሰ ገዳይ ተንበርክኮ አገኘሁት። ፊቱ ያበጠ ነበር፤ በመንገድ መትተውታል። ሙሉቀን ከፊት ተቀምጧል፣ ጋቢው ሥር ዱላ እንዳለ እያወቁ ማንም ሊቀማው አልደፈረም። ሼህ ሷሊሕ ነጠላ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ አላህን ፍሪና የሰማሽውን ተናገሪ።»

መሬቱ ላይ መሰላል ሣልኩ። ያን ቀን ጋሽ ሽፈራው ጣታቸውን ያሳረፉበትን ሁለተኛውን አሳየሁ፣ አራተኛውንም። ከአበልጄ ጋር ስለታረቅሁ አራተኛው ላይ ጻፊኝ ማለታቸውን ቃል በቃል ተናገርኩ። ሰባተኛው የኑሮ እንጂ የመሬት አልነበረም አልኩ። እርከን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ደረጃ ማለት እየቻልኩ ሥራዬን ፈርቼ ነው አልኩ።

ተፈራ ከነድንጋዩ ወደ ፊት ተደፋ፤ ግንባሩ መሰላሉ ላይ አረፈ። «ላይዳ ልዋስ ነበር የመጣሁት» ይላል፣ ሌላ ነገር አይልም፣ ያንኑ ይደጋግማል።

ሙሉቀን ተነሳ። ወደ ተፈራ የሚሄድ መስሎኝ ነበር።

«መሬት ቢሆን ይገባኝ ነበር» አለኝ። «ሰው ለመሬት ይሞታል። አባቴ በቃል ነው የሞተው?»

የመጀመሪያው ዱላ የቀኝ እጄን አንጓ ሰበረው፤ መሰላሉን የሣልኩበት እንጨት ገና እጄ ላይ ነበር። ሁለተኛው ጎድኔን አገኘ። ወድቄም መታኝ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ሼህ ሷሊሕ ራሳቸውን እላዬ ላይ ጣሉ፤ ጥምጥማቸው አቧራ ውስጥ ተፈትቶ ሲንከባለል አየሁት። ያኔ ሙሉቀን ዱላውን ተፈራ ፊት ጣለና መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሴት አለቀሰ። በቃኝ አለ። የተፈራ ወንድሞችም ጠመንጃቸውን አፈሙዙን ወደ መሬት አዞሩ። የደሙ በቀል እኔ ላይ ወጣና ቆመ።

ሙሉቀንን አልከሰስኩትም። ተፈራ አስራ ስምንት ዓመት ተፈረደበት። እጄን ወጌሻ አሸልኝ፣ ግን ጠሞ ገጠመ፤ ዛሬ በግራዬ ነው የምጽፈው።

በዓመቱ ወደ አጣዬ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ራዲዮ ተከፍቶ ነበር። ጋዜጠኛው የዓለም አገሮች የደስታ ደረጃ ወጣ ብሎ አንደኛዋን፣ ሁለተኛዋን ዘረዘረ። ከዚያ ደስ ባለው ድምፅ፣ አገራችን ካለፈው ዓመት አንድ እርከን ከፍ ብላለች አለ።

አጠገቤ የማሾ ከረጢት በጉልበታቸው መሀል ያቆሙ ገበሬ ነበሩ። ፊታቸውን ወደ ራዲዮው አዞሩ።

«የማንን ወስዳ?» አሉ።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ ሹፌሩም ሳቀ። እኔ የጠመመ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከትቼ ወራጅ አለ አልኩና፣ አጣዬ ሳልደርስ መንገድ ላይ ወረድኩ።