ግማሽ ጢም

ባሌን ሰፈርተኛው «ምላጭ» ነው የሚለው። እሱ ፀጉር አስተካካይ ስለሆነ ለእጄ ያወጡልኝ ስም ነው ይላል። እኔ ግን አብሬው ስለምኖር አውቃለሁ፣ ለምላሱ ነው። የወረርሽኙ መመሪያ የወጣ ጊዜ ደግሞ ያ ምላስ ሥራ አገኘ።

መመሪያው መካከለኛውን ወንበር ባዶ ተዉ፣ ጋዜጣ አታስቀምጡ፣ ጨዋታ ቀንሱ ይላል። ባሌን ጨዋታ ቀንስ! «ሰው ፀጉር ቤት የሚመጣው ፀጉሩን ሊቆረጥ ብቻ ነው እንዴ?» እያለ ይንጨረጨራል። በወንበሮቹ መካከል ያለውን ርቀት በሜትር የምትለካውን ተቆጣጣሪ ሳይቀር «እህቴ፣ በማስክ ላይ ጢም እንዴት ነው የሚላጨው? እስቲ አሳዪኝ» ብሎ አፋጠጣት። እሷም የዋዛ አልነበረችም፤ «እንግዲያው ጢሙን ተወው» አለችው። ብዙም ሳይቆይ ፀጉር ቤቶች ሁሉ ይዘጉ ተባለና ዘጋን።

ለወራት ቤት ዋለ። ያየሁትን መከራ እኔ ነኝ የማውቀው። የልጆቹን ፀጉር ቆርጦ ቆርጦ የሚቆረጥ ሲያጣ፣ አንድ ቀን የምንጣፉን ጠርዝ በመቀስ ሲያስተካክል ያዝኩት። ዜና በሰማ ቁጥር «እኔ ሕፃን ነኝ? ሰው ራሱን በራሱ ይጠብቅ!» እያለ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይጣላል። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ክፈቱ የተባልን ዕለት መስታወቱን ወልውለን ስንጨርስ ደንበኛው በር ላይ ተራ ይዞ ቆሟል። እኔ ሳኒታይዘር እረጫለሁ፣ ከጓሮ በር አጠገብ ደግሞ ፎጣዎቹን በበረኪና ዘፍዝፌያለሁ። ባሌ ቶንዶሱን ሲያስነሳ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለእኔ ግን ማሳበቡ አልቀረም፤ «ፀጉር ገብቶብኝ ነው» አለኝ። ገና የመጀመሪያው ሰው ሳይቆረጥ!

ችግሩ በሽቶው ጀመረ። ባሌ ላጭቶ ሲጨርስ አንገት ላይ የሚያሸውን ሽቶ በአፍንጫው ነው የሚለካው፤ ሽታው በቃ ሲለው ያቆማል። በዚያን ቀን አልበቃ አለው። አንዱን አስነጠሰው፣ ሌላውን አስለቀሰው። አንድ ሹፌር «ኧረ ተው፣ ሚስቴ የት ነበርክ ልትለኝ ነው!» ብሎ አመለጠው። ባሌ መጀመሪያ ማስኩን ወቀሰ። ቀጥሎ ጠርሙሱን ይዞ በጓሮ በር ወጣ፣ ማስኩን ዝቅ አድርጎ አሸተተና ለሽቶ ሻጩ ደወለ።

«ውሃ ነው የሸጥክልኝ! ትንሽ እንኳ አታፍርም?»

ሻጩ በስልክ ይምላል፣ ይገዘታል። እኔ ራቅ ብዬ ቆሜ ዓይኔን እጠርጋለሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ እኮ እዚህ ድረስ ከሽቶው ሽታ የተነሳ ዓይኔ እየነደደ ነው» አልኩት።

ስልኩን ዘጋና በበረኪናው ባልዲ ላይ ጎንበስ አለ። ሳበ። ደግሞ ሳበ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምንም የለም» አለኝ በቀስታ።

ዜናውን ሲሰድብ ቢከርምም ሰምቶታል። ሽታ ድንገት ሲጠፋ ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ውስጥ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ደግሞ ጋሼ ነበሩ፣ ጡረታ የወጡት ሰዓት ሠሪ። ባለቤታቸው ኩላሊቷን ታማ ከቤት አትወጣም፤ በሽታው ቢይዛት እንደማትተርፍ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጋሼም ለእሷ ሲሉ ከቤት አይወጡም ነበር። ያን ቀን የመጡት ባሌ ራሱ ደውሎ «ይምጡ፣ እኔ አለሁ» ስላላቸው ነው። አንድ ጉንጫቸው ተላጭቷል፣ ሌላው አረፋ ነው።

ከእኛ በቀር የሚያውቅ የለም። ምን እንደሚያደርግ ጠበቅሁ።

ማስኩን አጥብቆ አሰረና ወደ ውስጥ ገባ፤ ወንበሩ ዘንድ ግን አልደረሰም። ግድግዳውን ተደግፎ «በሽታው ይዞኛል መሰለኝ፣ ሽታ ጠፍቶብኛል። ሁላችሁም ወደየቤታችሁ ሂዱ። ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

አንዱ ፎጣውን ወርውሮ «ታመህ ነው እንዴ እላያችን ላይ የምትተነፍሰው?» ብሎ ጮኸበት። ያ ምላሱ ምላጭ የሆነው ባሌ «ልክ ነህ ወንድሜ» ብቻ አለው። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረ።

«ጋሼ፣ ይማሩኝ። ፊትዎን ይታጠቡና ቤትዎ ይግቡ፤ ግን ከባለቤትዎ ጋር አንድ ክፍል አይደሩ። እግርዎ ላይ እወድቃለሁ።»

ጋሼ አረፋውን ጠረጉ፣ ማስካቸውን አደረጉና ሳይሰናበቱ ወጡ። ከስድቡ ይልቅ ያ ነው ባሌን የጎዳው።

ከዚያ የነካቸውን ሁሉ ማስጠንቀቅ መጣ። ባሌ የሰው ስም አይዝም፣ የሚያውቀው ጭንቅላት ነው። እሱ ከመስኮት ወዲያ ሆኖ «ባለ ሁለት ሽክርክሪቱ! ከጆሮው ጀርባ ጠባሳ ያለበት!» እያለ ይጮህልኛል፣ እኔ የማን ጭንቅላት እንደሆነ እያሰብኩ እደውላለሁ። ተቆጣጣሪዋ ሜትሯን ይዛ ስትደርስ በሩ ተዘግቷል።

«ማን ዘጋው?» አለችኝ።

«ባለቤቱ» አልኳት። በሠርጌ ቀን እንኳ በዚህ ሰው እንደዚያ አልኮራሁም። ሰው ራሱን ይጠብቅ ሲል የከረመው ሰው፣ ቁርጡ ሲመጣ ሰውን ከራሱ ጠበቀ።

ምርመራውም አረጋገጠ። ታመምን፣ ተሻለን። የሰፈሩ ወሬ ግን አልተሻለውም፤ ቤታችን «በሽታ ቤት» ተባለ። እንደገና የከፈትን ዕለት ደጃችንን የረገጠ ሰው የለም። መንገደኛው ሳይቀር እኛ ጋ ሲደርስ ወደ ማዶ ይሻገራል። ባሌ በደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ ራሱን በመስታወት ያያል። «ሙያዬን አጣሁት» አለኝ።

በሩ ሲንኳኳ ዘሎ ተነሳ። ጋሼ ናቸው። ገቡና ማስካቸውን አወረዱት። አንዱ ጉንጫቸው ልስልስ ያለ፣ ሌላው ጢም በጢም!

«ትኩሳቱ ያዘኝ» አሉ። «ስለነገርከኝ ጓሮ ክፍል ብቻዬን ከረምኩ። እሷን በሽታው አልነካትም። ይኸው በዚህ ጢም ስትስቅብኝ ነው የምትውለው።»

«ታዲያ ለምን አልተላጩትም ጋሼ?»

«የተላጨውን ጉንጭ እኔው እየላጨሁ ጠበቅሁት። ይሄኛው አንተ ያልጨረስከው ሥራ ነው። ማስክ ለዚህ ለዚህ ይጠቅማል፣ ማንም አላየብኝም።» ተቀመጡ። «ይልቅ ወንበሩን ወደ መንገዱ አዙርልኝ።»

«ለምን?»

«ማን እንደሚላጨኝ ይዩ።»

ባሌ ወንበሩን አዞረ። ማዶ ያለው ሰው እያየ ቆመ፣ ከኋላው የመጣውም ቆመ። ባሌ ሲጨርስ ሽቶውን አነሳና ሁለት ጠብታ መዳፉ ላይ አደረገ። በማስኩ ውስጥ በረጅሙ ሳበና «በቃ» አለ።